አልበራም ያለ ቴሌቪዥንን መመርመር፦ ኤሌክትሪኩ የት ላይ እንደቆመ ማግኘት

ቴሌቪዥን አልበራም ሲል ብዙ ሰው ሪሞቱን መዳፉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታና «ተቃጥሏል» ብሎ ይደመድማል። ጠጋኝ ዘንድ ሲደርስም ከዚህ የተለየ የሚናገረው የለውም። ጨርሶ የሞተው፣ ቀይ መብራቱ እየበራ ትእዛዝ የማይቀበለው፣ በርቶ ከሁለት ሰከንድ በኋላ የሚጠፋው፣ ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ የጨለመው ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቀለላል። መነሻቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። አንዳንዱ ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላል፤ አንዳንዱ የአንዲት ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ) ዋጋ ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ አዲስ ቴሌቪዥን ከመግዛት ብዙም አይተናነስም።

መንገዱ አንድ ነው። ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ሶኬት ተነስቶ በገመዱ፣ ኤሌክትሪኩን በሚያዘጋጀው ፓወር ቦርድና ቴሌቪዥኑን በሚያዘው ሜይን ቦርድ በኩል እስከ ስክሪኑ የሚሄድበትን መስመር ይከተሉ፤ የት ላይ እንደቆመም ያግኙ። ሳይለኩ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ብዙ ጊዜም ጤነኛውን ቦርድ ያበላሻል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ሳይዘሉ ይሂዱባቸው። ግማሽ ያህሉ ሥራ ካቻቢቴ ሳይነሳ የሚሠራ ነው።

መመሪያው ኤልሲዲና ኤልኢዲ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖችን ይመለከታል። ጀርባው ጎብጦ የወጣው የድሮ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ውስጥ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚደርስ ክፍል አለ፤ ቱቦውም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ይችላል። የእርስዎ እንዲህ ዓይነት ከሆነ ሽፋኑን አይክፈቱ።

1. ምን እያደረገ እንደሆነ መመልከት

ሶኬቱን ነቅለው አንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩና መልሰው ይሰኩት። ክፍሉን ጨለም አድርገው በቴሌቪዥኑ ታችኛ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ይመልከቱ። ከዚያ በራሱ በቴሌቪዥኑ ቁልፍ ለማብራት እየሞከሩ ጆሮዎን ወደ ጀርባው ጠጋ ያድርጉ። ከሚከተሉት ውስጥ የትኛው እንደሚታይ በወረቀት ላይ ይጻፉ፦

• መብራቷ ጨርሶ አትበራም፣ ድምፅም የለም። ኤሌክትሪክ ወደ ውስጥ አልገባም፣ ወይም ፓወር ቦርዱ ገና ከመግቢያው ተበላሽቷል። በአንዳንድ ሞዴሎች ይህችን መብራት ከሜኑ ማጥፋት ስለሚቻል፣ አለመብራቷ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

• ቀይዋ መብራት ትበራለች፣ ግን ምንም አይከተልም። መልካም ዜና ነው፤ ፊውዙና ከሪሞቱ ትእዛዝ የሚጠብቀው የተጠባባቂ ክፍል በሕይወት አሉ ማለት ነው።

• መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቴሌቪዥኑ ራሱን መርምሮ ችግር አግኝቷል።

• «ጠቅ» የሚል ድምፅ በየጥቂት ሰከንዱ ይደጋገማል። ፓወር ቦርዱ ለመነሳት ይሞክራል፣ አንድ ነገር ይከለክለዋል፣ ተመልሶ ይጠፋል።

• ድምፅ ይሰማል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ የጠፋው ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት ነው።

• የአምራቹ ዓርማ ይታይና ተመልሶ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። እዚህ ጥርጣሬው ወደ ሶፍትዌርና ወደ ማስታወሻ ቺፑ ይሄዳል።

ከብልሽቱ በፊት የሆነውንም ይጻፉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው የሞተው? መብረቅ ነበር? የተቃጠለ ሽታ ሸቶ ነበር? ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ ከመሞቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ለመብራት ይዘገይ ነበር? መጀመሪያ ሁለት ሰከንድ፣ በኋላ ግማሽ ደቂቃ፣ በመጨረሻም ጭራሽ እምቢ ያለ ቴሌቪዥን፣ ገና ሽፋኑ ሳይከፈት የደከመ ካፓሲተር እንዳለበት እየተናገረ ነው።

2. ከቴሌቪዥኑ ውጭ ያለውን ማጥራት

ሶኬቱ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሌላ ዕቃ ይሞክሩ። የስልክ ቻርጀር ግን ለዚህ ጥሩ ምስክር አይደለም። አብዛኛው ቻርጀር በ100 ቮልትም ስለሚሠራና የሚስበው ኃይል ትንሽ ስለሆነ፣ የላላ ወይም የደከመ ሶኬት ላይም ጤነኛ መስሎ ይሞላል። ክር ያለው አምፖል ይሻላል፤ ቮልቴጁ ዝቅ ያለ ከሆነ ፈዝዞ፣ ግንኙነቱ የላላ ከሆነ እየተርገበገበ ይነግርዎታል። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለዎት በተለዋዋጭ ቮልቴጅ (V~) ከፍተኛ መለኪያ ላይ አድርገው ይለኩ፤ እንደ አገሩ ከ220 እስከ 240 ወይም ከ110 እስከ 120 አካባቢ ማሳየት አለበት። ቴሌቪዥኑ የሚፈልገው ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ከዚያ ማከፋፈያውን፣ ስታቢላይዘሩን፣ መከላከያውን ሁሉ አስወግደው ቴሌቪዥኑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ። አንዳንድ መከላከያዎች መብራት ከመጣ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ሆን ብለው ስለሚዘገዩ፣ ያልተበላሸ ቴሌቪዥን የተበላሸ ያስመስላሉ።

ገመዱ ከቴሌቪዥኑ የሚነቀል ከሆነ ነቅለው ጠበቅ አድርገው ይመልሱት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን በተነካካ ቁጥር ይህ ጫፍ በትንሽ በትንሹ እየወጣ ይሄዳል። ተመሳሳይ ገመድ ከሌላ ዕቃ ተውሶ መሞከርም ይቻላል። ቴሌቪዥኑ እንደ ላፕቶፕ የውጭ አዳፕተር ያለው ከሆነ ምርመራው እዚያው አዳፕተሩ ላይ ይጀምራል፦ የሚያወጣውን ቮልቴጅ ይለኩና ላዩ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። አንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ጎናቸው ወይም ሥራቸው ላይ ዋና ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው፤ ለጽዳት ሲነካ ሳይታወቅ ይጠፋል።

3. የተንጠለጠለውን ማስነሳት

ዘመናዊ ቴሌቪዥን ጠፍቶም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ ከሪሞቱ ትእዛዝ የሚጠብቅ ክፍል ሁልጊዜ ነቅቶ አለ። ቮልቴጅ ድንገት ወርዶ ሲመለስ ይህ ክፍል ግራ ተጋብቶ ሊቆም ይችላል። የሚከተለው እርምጃ የቀረውን ኃይል አስወጥቶ ከዜሮ እንዲነሳ ያደርገዋል።

ሶኬቱን ይንቀሉ። ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘውን ሁሉ፣ ኤችዲኤምአይ፣ ዩኤስቢ፣ የአንቴና ገመድ፣ የድምፅ ማጉያ፣ አንድም ሳያስቀሩ ያውጡ። የቴሌቪዥኑን የራሱን ማብሪያ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ለአሥር ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ብቻ ሰክተው፣ በሪሞት ሳይሆን በቁልፉ ያብሩ።

ገመዶቹን ማውጣቱን እንደ ትርፍ ሥራ አይቁጠሩት። ውስጡ የተበላሸ ፍላሽ የ5 ቮልቱን መስመር ይጎትታል፤ በመብረቅ የተመታ ዲኮደርም በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል ቴሌቪዥኑን ያግደዋል። ገመዶቹ ወጥተው ከበራ፣ አንድ በአንድ እየመለሱ ጥፋተኛውን ያገኙታል።

4. ሪሞቱና ቁልፉ

ቀይዋ መብራት በርታ ቴሌቪዥኑ ለሪሞቱ የማይመልስ ከሆነ የስልክዎን ካሜራ ይክፈቱ፤ የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ሌንሱ አዙረው ማብሪያውን ይጫኑ። ለዓይን የማይታየው ብርሃን በካሜራው ውስጥ ነጣ ያለ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ሆኖ ይታያል። የአንዳንድ ስልኮች የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን ያግዳል፤ የፊተኛው ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ ያሳየዋል። ብልጭታ ከሌለ ባትሪ ድንጋዮቹን ይቀይሩ፤ የብረት ማገናኛዎቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ ይጥረጉ። በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራ ሪሞት በዚህ መንገድ እንደማይፈተን ልብ ይበሉ።

የቴሌቪዥኑ ቁልፍ በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ከዓርማው ሥር መሃል ላይ ወይም ከጀርባው አንድ ጎን ተደብቆ ይገኛል። በጣትዎ ሲነኩት ተጭኖ ተመልሶ መነሳት አለበት። ተጭኖ የቀረ ቁልፍ ቴሌቪዥኑ አንድ ሰው ያለማቋረጥ የሚጫነው እንዲመስለው ያደርጋል፤ ሳይበራ ይቀራል ወይም በርቶ ወዲያው ይጠፋል።

5. ድምፅ ካለ፦ የእጅ ባትሪ ሙከራ

ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ወይም ሪሞት ሲጫኑ መብራቷ ቀለሟን የምትቀይር ከሆነ፣ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ያጨልሙ። ጠንካራ የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ እስኪቀርብ ድረስ ያስጠጉና ሰያፍ አድርገው ያብሩበት። ከሪሞቱ ሜኑ እየከፈቱና እየዘጉ፣ ብርሃኑ ያረፈበትን ቦታ ብቻ አተኩረው ይመልከቱ። ፊደላት ወይም የሰው ቅርጽ እንደ ጥላ ሆኖ ብቅ ካለ፣ ቴሌቪዥኑ ሥራውን በሙሉ እየሠራ ነው፤ ምስሉን ከኋላ የሚያበራው ባክላይት ብቻ ነው የጠፋው። ምስሉ ግራጫና እጅግ ደብዛዛ ስለሚሆን አንድ ጊዜ አይተው አይተዉት፤ ባትሪውን ወደ ተለያየ ቦታ ያዘዋውሩ።

በኤልኢዲ ቴሌቪዥኖች ባክላይት ማለት በረድፍ የተሰለፉ ትንንሽ ኤልኢዲዎች ናቸው። በብዙ ቴሌቪዥኖች ኤልኢዲዎቹ ተከታትለው ስለተያያዙ ከመካከላቸው አንዱ ሲቃጠል መላው ረድፍ ይጠፋል፤ መቆጣጠሪያውም ይህን ሲያይ ቀሪዎቹን ያጠፋል። ጥገናው ውድ አይደለም፣ ነገር ግን የስክሪኑን መስታወት ማንሳት ግድ ይላል። መስታወቱ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ከታጠፈ ተሰንጥቆ ቴሌቪዥኑ ለዘለዓለም ይሰናበታል። ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ ለሠራው ሰው ይስጡ። ከተጠገነ በኋላ ደግሞ የብርሃን መጠኑን ከሜኑ ላይ ዝቅ አድርጎ መጠቀም የኤልኢዲዎቹን ዕድሜ ያረዝማል፤ የሚገድላቸው ሙቀት ነውና።

6. ብልጭታውን መቁጠር

መብራቷ ብልጭ ብልጭ ብላ ለአፍታ ካቆመችና እንደገና ከጀመረች፣ በሁለት ዕረፍቶች መካከል ያለውን ቁጥር ይቁጠሩ። ሶኒ ቴሌቪዥኖች በተለይ ቀይ ብልጭታን በቁጥር ብልሽት ለመናገር ይጠቀሙበታል። ትርጉሙ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ቁጥሩን ከሙሉው የሞዴል ስም ጋር አድርገው ከአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ያመሳክሩ። ያለ ዕረፍት የሚቀጥል ብልጭታ ከሆነ ደግሞ፣ አንዱ ቮልቴጅ መድረስ ካለበት ልክ አለመድረሱን ሊያመለክት ይችላል።

7. ሽፋኑን ከመክፈት በፊት

እስካሁን ካልተገኘ ችግሩ ውስጥ ነው። ዋስትናው ካላለቀ እዚህ ያቁሙና ወደ ሻጩ ይመልሱት። ካለቀ ግን የሚከተለውን በጥሞና ያንብቡ፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ ቸል ሊባል የማይችል ክፍል ቢኖር ይህ ነው።

ፓወር ቦርዱ ላይ በጣም ትልቁ ሲሊንደር ዋናው ካፓሲተር ነው። 220 ቮልት የሚገባበት ቴሌቪዥን ውስጥ ይህ ካፓሲተር ወደ 310 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ይይዛል፤ ቴሌቪዥኑ ሲበራ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ክፍል ባለባቸው ሞዴሎች ከ380 እስከ 400 ይደርሳል። ሶኬቱ ስለተነቀለ ይህ ኃይል ወዲያው አይጠፋም። በተለይ የተበላሸ ፓወር ቦርድ የሚያፈስበት መንገድ ስለሌለው ለረጅም ጊዜ ይዞት ሊቆይ ይችላል። ሰው ለመግደል የሚበቃ ነው።

ስለዚህ ሶኬቱን ከነቀሉ በኋላ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ሽፋኑ ከተከፈተ በኋላ በመልቲሜትሩ የቀጥተኛ ቮልቴጅ መለኪያ የዚህን ካፓሲተር ሁለት እግሮች ይለኩ። ከ10 ቮልት በላይ ካለ፣ ከ2,000 እስከ 10,000 ኦም የሆነ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ጫፎቹን በተሸፈነ ገመድ አስረው ሁለቱን እግሮች ለጥቂት ሰከንዶች ያገናኙ፤ ከዚያ እንደገና ይለኩ። በካቻቢቴ ማገናኘት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ አያድርጉት። የሚፈናጠረው ብልጭታ የቦርዱን መስመር ያቃጥላል፣ ትኩስ ብረትም ወደ ዓይን ይረጫል። በሚሠሩበት ጊዜ ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ያውልቁ፤ ብቻዎን አይሁኑ።

ቴሌቪዥኑን ከስክሪኑ የሚበልጥ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፈው በፊቱ ያስተኙት። ትልቅ ስክሪን ካለው ለሁለት ያንሱት። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ቅርጽ ካርቶን ላይ ስለው እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ይውጉት። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ወደ ስክሪኑ ዘልቆ ሊጎዳው ይችላል። አንድም ገመድ ሳይነቅሉ በፊት ፎቶ ያንሱ።

8. በዓይንና በአፍንጫ መመርመር

ውስጡን ሲያዩ ቦርዶቹ በቀላሉ ይለያሉ። የሶኬቱ ገመድ የሚገባበት፣ ትራንስፎርመሮችና ትልልቅ ካፓሲተሮች ያሉበት ፓወር ቦርድ ነው። ኤችዲኤምአይና አንቴና የሚሰኩበት ሜይን ቦርድ ነው። መሃል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያለችው ትንሽ ቦርድ፣ በስስ ጥብጣብ ገመዶች ከስክሪኑ ጋር የተያያዘችው፣ ቲኮን ትባላለች። በብዙ ርካሽና አዳዲስ ሞዴሎች እነዚህ ሁለቱ ወይም ሦስቱም በአንድ ቦርድ ላይ ተጠቃለዋል።

አሁን በባትሪ እያበሩ ፓወር ቦርዱን ይመልከቱ። በተለይ ከትራንስፎርመሮቹ በኋላ ያሉት መካከለኛ ካፓሲተሮች ላይ ያተኩሩ። የጤነኛ ካፓሲተር አናት ልሙጥ ነው፤ ላዩ ላይ የመስቀል ወይም የሹካ ቅርጽ ያለው ቀጭን ጭረት አለበት። ሲበላሽ ውስጡ የሚፈጠረው ጋዝ አናቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጭረቱም ይከፈትና ቡናማ ቅርፊት ይተፋል። አንዳንዱ ከላይ ልሙጥ መስሎ ከሥሩ ያፈሳል፤ ጎንበስ ብለው በጎን ሲያዩት ከቦርዱ ላይ ተነስቶ አዘንብሎ ያገኙታል። ዓይንዎ ማበጡን ለመለየት ቢቸገር፣ ጣትዎን አናቱ ላይ ያንሸራትቱ (ኃይሉ መውጣቱን ከለኩ በኋላ ብቻ)፤ ጉብታው ይሰማዎታል።

ያበጠ ካፓሲተር ካገኙ ምትኩ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ፣ የሙቀት ልኩ 105 ዲግሪ ይሁን። 16 ቮልት የሚለውን በ25 መተካት ይቻላል፤ በ10 ግን አይቻልም። በካፓሲተሩ ጎን ላይ የተሰመረው ነጣ ያለ መስመር አሉታዊውን እግር ያመለክታል። ተገልብጦ ከተበየደ ሲበራ ይፈነዳል። ከጎኑ ያሉት ተመሳሳይ ካፓሲተሮች ደህና ቢመስሉም አብረው ይቀየሩ፤ በአንድ ሙቀት ውስጥ አብረው ኖረዋል።

ከካፓሲተሮች ሌላ የጠቆረ ቦታ፣ የተሰነጠቀ ሬዚስተር፣ የነፍሳት ወይም የእርጥበት ምልክት ይፈልጉ። የትራንስፎርመሮቹን እግሮች ከቦርዱ ጀርባ ሲያዩ፣ በብየዳው ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ ካለ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን መታ ሲያደርጉት አንዳንዴ የሚበራበት ምክንያት እሱ ነው፤ እንደገና መበየድ ይበቃዋል።

9. ፊውዙ የሚናገረው

ፊውዙ ገመዱ በሚገባበት ጥግ አጠገብ የሚገኝ ትንሽ የመስታወት ወይም የሴራሚክ ቱቦ ነው። ብዙ ጊዜ 3.15፣ 4 ወይም 5 አምፔር እና 250 ቮልት ተጽፎበታል። መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጠው ቦታ ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎች ይንኩ። ከጮኸ ፊውዙ ደህና ነው፤ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይለፉ።

ካልጮኸ ግን ከመቀየርዎ በፊት ፊውዙን ብርሃን ላይ ይዘው ያስተውሉት። መስታወቱ ጥርት ብሎ ክሩ ብቻ መሃል ላይ ከተበጠሰ፣ በዕድሜ ወይም በትንሽ ጫና የሞተ ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ከውስጥ ጠቁሮ ወይም እንደ መስተዋት ብር ተቀብቶ ከሆነ ክሩ በቅጽበት ተንኖ ነው የሄደው፤ ከጀርባው ሾርት ያደረገ ዕቃ አለ። አዲስ ፊውዝ ቢያስገቡ ያንኑ ጊዜ ይቃጠላል። ፊውዝ የሚሞተው ሌላው እንዳይቃጠል ነው፤ ገዳዩን ሳያገኙ መተካት ምንም አይጠቅምም። በሽቦ ወይም በወፍራም ፊውዝ መተካት ደግሞ እሳት መጥራት ነው።

ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ከፊውዙ አጠገብ ያለ ክብ ጠፍጣፋ ቫሪስተር ነው፤ ትርፍ ቮልቴጅ ሲመጣ ራሱን ሠውቶ ፊውዙን ያቃጥላል። ተሰንጥቆ ወይም ጠቁሮ በዓይን ይታያል። ሁለተኛው ተለዋዋጩን ጅረት ቀጥተኛ የሚያደርገው፣ አራት እግር ያለው የዳዮድ ድልድይ ነው። መልቲሜትሩን በዳዮድ መለኪያ ላይ አድርገው በእግሮቹ መካከል ሲለኩ፣ በአንድ አቅጣጫ ከ0.4 እስከ 0.7 አካባቢ፣ ሲገለበጥ ምንም ማሳየት የለበትም። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካለ ሞቷል። ሦስተኛው በአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ላይ የተጣበቀው፣ ኤሌክትሪኩን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ ሦስት እግር ሞስፌት ነው። ከሦስቱ እግሮች በመካከለኛውና በጎኑ ባለው መካከል በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካነበበ ሾርት አድርጓል። ሞስፌት ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሞትም፤ የሚነዳውን ቺፕና አጠገቡ ያሉትን ትንንሽ ሬዚስተሮች ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ከደረሱ ብዙ ጊዜ ሙሉ ፓወር ቦርዱን መቀየር ያዋጣል።

ከጥገና በኋላ አዲሱን ፊውዝ ላለማባከን የቆየ ዘዴ አለ፦ በፊውዙ ቦታ ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ ክር ያለው አምፖል በተከታታይ ማያያዝ። ሲሰካ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሾርቱ ተወግዷል። በሙሉ ኃይሉ በርቶ ከቀረ ሾርቱ አሁንም አለ፤ ነገር ግን ምንም አልተቃጠለም።

10. ቮልቴጆቹን መከተል

ከዚህ በኋላ ያለው ልኬት ቴሌቪዥኑ ተሰክቶ ነው የሚደረገው። ከዚህ በፊት በኤሌክትሪክ ያልሠራ ሰው እዚህ ላይ ለባለሙያ ቢሰጠው ይሻላል፤ እስካሁን የጻፈው ሁሉ ለባለሙያው ትልቅ ሥራ ይቀንስለታል።

ፓወር ቦርዱ በሁለት ይከፈላል። ገመዱ የሚገባበት ወገን አደገኛው ሲሆን፣ ከትራንስፎርመሮቹ ወዲያ ያለው ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚያወጣ ነው። ብዙ ቦርዶች ላይ ድንበሩ በመስመር ይታያል። እርስዎ የሚለኩት ወደ ሜይን ቦርድ በሚሄደው ማገናኛ ላይ ነው። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ የቴሌቪዥኑ ብረት ላይ ብሎን በታሰረበት ቦታ ያሳርፉ፤ ቀዩን ብቻ በአንድ እጅ ያንቀሳቅሱ። የእያንዳንዱ እግር ስም አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ ታትሟል።

በመጀመሪያ የተጠባባቂውን ቮልቴጅ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ 5 ቮልት ነው፤ በአንዳንዶቹ 3.3 ወይም 3.5፣ በሌሎች ደግሞ ሁልጊዜ የሚገኝ 12 ነው። ከሌለ ሶኬቱን ነቅለው፣ ካፓሲተሩን አፍስሰው፣ ወደ ሜይን ቦርድ የሚሄደውን ማገናኛ ያውጡና እንደገና ሰክተው ይለኩ። ማገናኛው ሲወጣ ቮልቴጁ ከተመለሰ ፓወር ቦርዱ ንጹሕ ነው፤ የሚጎትተው ሜይን ቦርዱ ነው። አሁንም ከሌለ ጥፋቱ ፓወር ቦርዱ ውስጥ ነው። 5 መሆን የሚገባው 3 ወይም 4 ላይ ከተንቀጠቀጠም የደከመ ካፓሲተርን ይጠርጥሩ።

የተጠባባቂው ቮልቴጅ ደህና ከሆነ ቀዩን ጫፍ «ፓወር ኦን» ወይም «ስታንድባይ» ተብሎ የተጻፈበት እግር ላይ ያድርጉና ቴሌቪዥኑን ያብሩ። ሜይን ቦርዱ «ተነሣ» ብሎ ትእዛዝ የሚልክበት መስመር ይህ ነው። በአብዛኞቹ ከዜሮ ወደ 3 ወይም 5 ቮልት አካባቢ ይዘላል፤ በጥቂቶች ተገላቢጦሽ ነው። ዋናው ነገር መለወጡ ነው። ካልተለወጠ ሜይን ቦርዱ ትእዛዙን አልላከም። ተለውጦ 12 ወይም 24 ቮልቱ ካልመጣ ትእዛዙን ያልፈጸመው ፓወር ቦርዱ ነው። የትኛውን ቦርድ መግዛት እንዳለብዎ የሚወስነው ይህ አንድ ልኬት ስለሆነ ደግመው ይለኩት።

11. በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ

እዚህ ዘዴው ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ መለየት ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ይጠብቁ። መጀመሪያ ወደ ባክላይት የሚሄደውን ገመድ ከቦርዱ አውጥተው ይሞክሩ፤ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ድምፁ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ችግሩ ኤልኢዲዎቹ ናቸው። አንዳንድ ሞዴሎች ግን ባክላይት ሲያጡ ራሳቸው ስለሚጠፉ፣ ባይቀጥልም ባክላይቱን ነጻ አያውጡት። ቀጥለው ያንን መልሰው፣ ከሜይን ቦርድ ወደ ቲኮን የሚሄደውን ጥብጣብ ያውጡ፤ መጥፋቱ ከቆመ ስክሪኑ ወይም ቲኮኑ ሾርት አለበት። ጥብጣቡን ሲያወጡ መቆለፊያውን በጥፍር ቀስ አድርገው ያንሱ፤ ተጎትቶ የወጣ ጥብጣብ ተመልሶ አይጠቅምም።

ሁለቱም ለውጥ ካላመጡና ቮልቴጆቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ የሚቀረው ሜይን ቦርዱ ነው። ዓርማው ላይ የሚመላለስ ቴሌቪዥን ከሆነ፣ ቦርዱን ከመቀየር በፊት ከአምራቹ ገጽ ላይ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀውን ሶፍትዌር በፍላሽ ጭነው ይሞክሩ። የሌላ ሞዴል ሶፍትዌር ግን የነበረውንም ያጠፋል።

12. ምትክ ቦርድ መግዛትና መዝጋት

ቦርድ የሚገዛው በቴሌቪዥኑ ሞዴል ስም ሳይሆን በራሱ በቦርዱ ላይ በታተመው ወይም በተለጠፈው ቁጥር ነው። አንድ የሞዴል ስም ያላቸው ሁለት ቴሌቪዥኖች የተለያየ ስክሪን፣ ስለዚህም የተለያየ ቦርድ ሊኖራቸው ይችላል። ሜይን ቦርድ ከሆነ የስክሪኑም ቁጥር መመሳሰል አለበት፤ አለዚያ ምስሉ ተገልብጦ ወይም ቀለሙ ተበላሽቶ ይመጣል። ስክሪኑ ራሱ የተሰነጠቀ ወይም ሾርት ያደረገ ከሆነ ግን ያቁሙ። ከቴሌቪዥኑ ዋጋ አብዛኛውን የያዘው ስክሪኑ ስለሆነ መተካቱ አያዋጣም፤ ጤነኞቹን ቦርዶች አውጥቶ ለሚፈልጋቸው መሸጥ ይሻላል።

ቦርዱን ሲመልሱ ቀደም ሲል ካነሱት ፎቶ ጋር እያስተያዩ እያንዳንዱን ማገናኛ ይሰኩ። ሽፋኑን በአራት ብሎኖች ብቻ ለጊዜው ይዝጉና ቴሌቪዥኑን አቁመው ለሁለት ሰዓት ያህል ያሠሩት፤ ከዚያ አጥፍተው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁና እንደገና ያብሩት። የደከመ ካፓሲተር ሞቅ ሲል የሚሠራ፣ ሲቀዘቅዝ እምቢ የሚል ስለሆነ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ያለ ምንም መዘግየት ከተነሳ ቀሪዎቹን ብሎኖች ያጥብቁ።